እርሾ ለአፈር፦ ከማሽላ ሥር የሚገኘውን ጠቃሚ ፈንገስ በጓሮ ማራባት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ጓሮዬ አፈር ነው ለማለት ይከብደኛል። ቤቱ ሲሠራ ቦታው የተደለደለው በግንብ ፍርስራሽ፣ በጠጠርና ከደቻቱ ወንዝ በተጫነ አሸዋ ነው። እላዩ ላይ አንድ ስንዝር ያህል አፈር ተበትኖበታል። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን የማበቅለው። ችግኝም አፈላለሁ። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ደርድሬ እሸጣለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት ደንበኛዬ ችግኝ ልትወስድ መጥታ ጓሮ ገባች። ሁለት መደብ ሽንኩርት ጎን ለጎን ነበር። በአንድ ቀን የተተከለ፣ ከአንድ ዘር የወጣ፣ አንድ ዓይነት ውሃ የጠጣ። የአንደኛው ቅጠል እንደ እርሳስ ወፍሮ ቀጥ ብሏል። የሌላው ቀጥኖ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። “እትዬ፣ ይሄኛውን ምን አጠጥተውት ነው?” አለችኝ። “ምንም። ሥሩ ላይ ፈንገስ አድርጌለት ነው” ስላት ፊቷ ተለወጠ።

አልፈርድባትም። ፈንገስ እኛ ዘንድ ስሙ ክፉ ነው። የቲማቲም ቅጠል ያደርቃል፣ ችግኝ ከአንገቱ ያጥፋል፣ የእግር ጣት መሃል ያሳክካል። ግን አፈር ውስጥ ያለው ፈንገስ ሁሉ ጠላት አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ወዳጁ ነው። ማይኮራይዛ ይባላል። እኔ ግን እርሾ ነው የምለው፤ ለምን እንዲያ እንደምለው እየሄዳችሁ ይገባችኋል። ከገጠር እንዴት እንደማመጣው፣ በጄሪካን እንዴት እንደማራባው፣ ችግኝ ሥር እንዴት እንደማደርገው አንድ በአንድ እጽፍላችኋለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምስት ወር ገደማ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን ይሠራል?

ስሙን ያወጣለት አልበርት ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885። ከሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ነው፤ ፈንገስና ሥር። ፈንገሱ የተክሉ ሥር ውስጥ ይገባል፤ ግን አያበሰብሰውም። ውስጥ ገብቶ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። ወደ ውጭ ደግሞ ክር ይዘረጋል። ክሩ ከሰው ፀጉር አሥር እጥፍ ያህል የቀጠነ ስለሆነ ሥር በማይገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይገባል።

ዋናው ሥራው ፎስፈረስ ማምጣት ነው። ናይትሮጅን ከውሃ ጋር እየፈሰሰ ሥሩ ድረስ ይመጣል። ፎስፈረስ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሥሩ በዙሪያው ያለውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከበላ በኋላ ሌላው ከፊቱ እያለ ይራባል። የፈንገሱ ክር ያቺን ባዶ ቦታ ተሻግሮ ከብዙ ሴንቲ ሜትር ርቀት ያመጣለታል። ዚንክም አብሮ ይመጣል። ተክሉ በበኩሉ በፀሐይ ያዘጋጀውን ስኳርና ቅባት ያበላዋል። ይህ ሽርክና ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከድንጋይ ውስጥ በተገኙ ጥንታዊ ዕፅዋት ላይ ታይቷል።

ለድሬ ደግሞ በተለይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። ውሃችን ኖራ፣ ተራራችን የኖራ ድንጋይ። ሲሚንቶ የምናመርተውም ከዚሁ ድንጋይ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ፎስፈረሱን ከካልሲየም ጋር አስሮ ያስቀረዋል። ማዳበሪያ ብትበትኑም ብዙው ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ፎስፈረሱ ሳይሆን የሚያመጣው ነው።

ከአትክልት ሁሉ ሽንኩርት ላይ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል። ሥሩ አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ የሥር ፀጉሩ እጅግ ጥቂት ነው። ብቻውን ሩቅ መድረስ አይችልም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ሐብሐብና ፎሶሊያም ፈንገሱን ይቀበሉታል። የማይቀበሉት የጎመን ወገኖች ናቸው፤ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን። ቆስጣና ቀይ ሥርም እንዲሁ። ለእነሱ አትልፉ፤ እርሾውም ልፋታችሁም በከንቱ ይቀራል።

እርሾው ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ፈንገስ ያለ ሕያው ሥር አያድግም። ሩዝ ላይ አይበቅልም፣ ሞላሰስ ውስጥ አይፈላም። “ስኳርና የዳቦ እርሾ በባልዲ በጥብጣችሁ ሦስት ቀን አቆዩት፣ ማይኮራይዛ ይሆናል” የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። የሚራባው በተክል ላይ ብቻ ነው። ለማራባት ከሚመረጡት ተክሎች አንዱ ደግሞ እጃችን ላይ ያለው ማሽላ ነው። ሐረርጌ የማሽላ አገር ነው። ሌላው በገንዘብ የሚፈልገው ነገር እኛ ዘንድ እርከን ላይ ተኝቷል።

የእኔ እርሾ ከከተማው በላይ ካለው ከደንገጎ ዳገት በኩል የመጣ ነው። ወተት የሚያመጡልኝ አንዲት እናት አሉ፤ አዴ እላቸዋለሁ። ዳገቱ ላይ የማሽላ ማሳ አላቸው። “አዴ፣ ከማሳሽ አፈር ስጪኝ” ስላቸው በጣም ገረማቸው። “ሰው ማሽላ ይለምናል፣ አንቺ አፈር ትለምኛለሽ?” አሉኝ። ያን ጊዜ እኔም በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ዶማና ጆንያ ይዤ አብሬያቸው ወጣሁ።

ጥሩው ጊዜ ያ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር። ተክሉ ሲደርቅ ፈንገሱ ስፖር ይተዋል። ስፖር ማለት የፈንገሱ ዘር በሉት። የበልግ ዝናብ እስኪመጣ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል።

የማሳውን መሃል ትታችሁ ጠርዙን ፈልጉ። ማረሻ በማይደርስበት፣ እርከኑ ላይ ሣርና ማሽላ ተቀላቅሎ በበቀለበት። ማረሻ የፈንገሱን ክር ይበጣጥሳል፤ ያልተነካ ቦታ ይሻላል። ጠርዙ ላይ ግራር ካለ እሰየው። በግራሩ ዙሪያ ያለው አፈርም ፈንገስ ይይዛል። የላይኛውን ሁለት ጣት ደረቅ አፈር ጥረጉት። ከዚያ በታች እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ቆፍሩና አፈሩን ከነቀጫጭኑ ሥር ውሰዱ። ወፍራሙን ጉቶ ተዉት። ፈንገሱ ያለው በቀጭኑ ሥር ነው። ከአራት አምስት ቦታ እየቀላቀላችሁ ሦስት ኪሎ ያህል ይበቃል። በላስቲክ አፍናችሁ የባጃጅ ጣሪያ ላይ አትጫኑት። በጨርቅ ወይም በጆንያ፣ በጥላ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ አውሉት።

ሁለት ነገር ካያችሁ ያንን አፈር ተዉት።

አንደኛው አቀንጭራ ነው። ሮዝ ወይም ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም። ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝም ብላችሁ ጠይቁ። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ በዓይን ለቅማችሁ አትጨርሱትም። አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ይህ ነገር ለምን ከእኛ ጉዳይ ጋር እንደሚገናኝ ስረዳ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ፎስፈረስ የራበው ሥር አፈር ውስጥ ጥሪ ይለቃል፤ ስትራይጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ጥሪው ለፈንገሱ ነው፤ “ና፣ እርዳኝ” እንደ ማለት። ይህን የጃፓን ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው ያሳዩት። አቀንጭራ ግን ያንኑ ጥሪ ይሰማል። ዘሩ ተኝቶ ይቆይና የተራበ ሥር ሲጣራ ይነቃል። ወዳጅ ሲጠራ ሌባም አብሮ ይመጣል። አስቡት እንግዲህ፣ እኛ የምናደርገው ማሽላን አስርበን እንዲጣራ ማድረግ ነው። አቀንጭራ ያለበት አፈር ይዛችሁ ከመጣችሁ ጄሪካኑ ውስጥ ድግስ አዘጋጃችሁለት ማለት ነው።

ሁለተኛው የሥር እብጠት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ርቄ ላለመሄድ ብዬ እርሾውን ከራሴ አሮጌ የቲማቲም መደብ ወሰድኩ። አራት ወር ደከምኩበት። በኋላ የተከልኳቸው ቃሪያዎች ቀን ቀን ይጠወልጋሉ። አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳጥበው እንደ ዶቃ የተሰካካ እብጠት አየሁ። ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ትል። ከእርሾው ጋር እኔው በእጄ ነበር ያዳረስኩት። ሠላሳ ችግኝ ነቅዬ አቃጠልኩ። ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከደበርጃን መደብ አፈር አትውሰዱ። የምትወስዱበትም ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ተክል ነቅላችሁ ሥሩን በውሃ አጥባችሁ እዩ። እብጠት ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የማራቢያውን አፈር ማብሰል

እርሾው የሚያርፍበት አፈር ከሌላ ተባይ የጸዳ መሆን አለበት። ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ተራ አፈር እቀላቅላለሁ። የደቻቱን አሸዋ ውሃው እስኪጠራ አጥባለሁ። ኮምፖስት አልጨምርም። ፍግ አልጨምርም። የዶሮ ኩስማ በጭራሽ፤ ፎስፈረሱ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁን መሰብሰብ ያቅተዋል። “ትንሽ ፍግ ብጨምርበት ምን አለ?” ይላል። ተክሉ ከጠገበ አይጣራም፣ ካልተጣራ ፈንገሱ አይገባም። የሚራብ አፈር ነው የምንፈልገው።

ከዚያ ይበስላል። ግማሽ በርሜል ውስጥ ድንጋይ እደረድራለሁ፣ ከድንጋዩ በታች እንዲሆን ውሃ እጨምራለሁ። ረጠብ ያለውን አፈር በጆንያ አድርጌ ድንጋዩ ላይ አስቀምጥና እከድነዋለሁ። ከሥር እሳት። አፈሩ መሃል አንድ ድንች እቀብራለሁ። ድንቹ ሲበስል አፈሩም በስሏል ማለት ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ከበርሜሉ ወጥቶ ይቀዝቅዝና ሳምንት ያህል ንጹሕ ቦታ ተሸፋፍኖ ይረፍ። አፈሩ ገና ትኩስ እያለ እርሾ ከጨመራችሁበት እርሾውንም ትገድሉታላችሁ።

እንጨት ለሌለው የድሬ ፀሐይ አለች። አፈሩን አርጥቡት፣ አንድ ጋት ያህል አሳስታችሁ ዘርጉት፣ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኑና ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዙት። ስድስት ሳምንት። ይህ ግን የሚሆነው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ለኅዳር የሚሆነውን አፈር ያኔውኑ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይጠይቃል።

መዝራትና መጠበቅ

ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጄሪካን አፉን ቁረጡ፣ ታቹን ብሱ። መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ሸክላ ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። መሬት ከነካ የግቢው ተባይ በቀዳዳው ይገባል። ከሦስት አራተኛ በላይ የበሰለውን አፈር ሙሉበት። ከእርሾው ጋር የመጣውን ቀጭን ሥር በመቀስ ጥፍር በሚያክል ቁረጡት። ለአምስት ጣሳ የበሰለ አፈር አንድ ጣሳ እርሾ በቂ ነው። እርሾውን ላይ ላዩን አንጥፉት፣ ከዚያ ሦስት ጣት ያህል የበሰለ አፈር ደርቡበት። ዘሩ ሥሩን ሲሰድ በግድ በእርሾው ውስጥ ያልፋል።

ማሽላውን ከቀፊራ ገበያ ለምግብ ከሚሸጠው እገዛለሁ። ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባውን የዘር ማሽላ አትውሰዱ። ያ ቀለም መድኃኒት የተቀባ መሆኑን ለማሳወቅ ነው፤ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ፀረ ፈንገስ ነው። አሥር ፍሬ ዝሩ፣ ሲበቅል አምስቱን አስቀሩ። በቆሎም ይሆናል።

አንድ ጄሪካን ደግሞ ያለ እርሾ ዝሩ። ይህን አትተዉት። ይሄኛው ጄሪካን ነው እውነቱን የሚነግራችሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱም ያሳዝናሉ። ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል፣ ግንዱም ይጠቁራል። ፎስፈረስ ማጣት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ማዳበሪያ ያነሳል። አታንሱ። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እጄ ሲያሳክከኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ብቻ አየው ነበር። አምስተኛው ሳምንት አልፎ ስድስተኛው ሲገባ፣ እርሾ ባለው ጄሪካን መሃል አንድ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጣ። ሲፈታ አረንጓዴ ነው። ከሥር ያለው አሮጌ ቅጠል አሁንም ወይን ጠጅ ነው፣ አዲሱ ግን ንጹሕ አረንጓዴ። በሳምንቱ ሌላ ጨመረ። ያለ እርሾ ያለው እዚያው ቆሞ ቀረ። ወላሂ፣ ያን ጠዋት ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ውሃ የምታጠጡት ጣት ሰዳችሁ እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ሲሆን ነው። አታጥለቅልቁት፤ ፈንገሱም አየር ይፈልጋል። ቅጠሉ ሁለመናው ቢጫ ከሆነ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በአሥር ሊትር ውሃ በጥብጡና በሁለት ሳምንት አንዴ አጠጡ። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ አይሆንም፤ ፎስፈረስ አለበት።

አራት ወር ሲሞላ ውሃውን ቁረጡ። ጨርሶ። ማሽላው ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። ይደርቅ። ተክሉ ሊሞት መሆኑን ሲያውቅ ፈንገሱም የሌላ ዘመን ስንቁን በስፖር ያዘጋጃል። ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ አገዳውን ከመሬቱ ላይ ቆርጣችሁ ለፍየል ሳይሆን ለማገዶ አድርጉት፤ ድርቅ የመታው ለጋ ማሽላ ከብት ይመርዛል። ጄሪካኑን በጥላ ገልብጡ። አፈሩ በሥር ተጠምዶ እንደ ድፎ ዳቦ በአንድ ላይ ይወጣል። ሰባብሩት፣ ሥሩን በመቀስ ከትክቱት፣ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ደረቅ አፈር ስታምሱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አቧራው ለሳምባ ጥሩ አይደለም።

የደረቀውን በወረቀት ከረጢት ወይም በጨርቅ አድርጌ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛው ጥግ፣ አልጋ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በረንዳ ላይ አታኑሩት፤ የሰኔ ሙቀት ይጨርሰዋል። ከአንድ ዓመት በላይም አላቆየውም።

ወደ ችግኙ

ሕጉ አንድ ነው፤ እርሾው ሥሩን መንካት አለበት። ላይ ላዩን ብትበትኑት የፀሐይ ሲሳይ ነው።

ችግኝ ሳፈላ ለአሥር እጅ የችግኝ አፈር አንድ እጅ እርሾ እቀላቅላለሁ። ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው፤ ልጅ ሆኖ ከተዋወቀው ጋር አብሮ ያድጋል። ችግኙ ቀድሞ የወጣ ከሆነ ስትተክሉት ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩና ሥሩን እላዩ ላይ አሳርፉት። ሽንኩርት በመስመር ስለሚተከል ቦዩን ቆፍሬ እንደ ጨው በመስመሩ እነሰንስና ችግኙን እደረድርበታለሁ። ፎሶሊያ ከሆነ ከዘሩ ሥር። ከዚያ ወዲያው ውሃ።

የተለመደውን ፍግ በግማሽ ቀንሱ። ጨርሳችሁ አትከልክሉ፤ የበሰለ ኮምፖስት በመጠኑ ይስማማዋል። ኤንፒኤስ በእፍኝ መበተን ግን ይቅር። ፎስፈረስ በገፍ ያገኘ ተክል ፈንገሱን አይቀልብም፤ ለምን ብሎ ይቀልበዋል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ጓሮ ላይ እኩል አይታይም። ለዓመታት ፍግ የጠገበ ጥቁር አፈር ካላችሁ፣ ወይም ማሽላ ማሳ የነበረ ቦታ ላይ ከሆነ የምትተክሉት፣ ፈንገሱ ድሮውንም አለ። ልዩነት ላታዩ ትችላላችሁ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እንደ እኔ ሙሌት መሬት ላይ፣ በአሸዋማ ቦታ፣ በበሰለ የችግኝ አፈር፣ ለብዙ ጊዜ ራቁቱን በቆየ መሬት ነው።

ከገባ በኋላ እንዳይሞት

ሦስት ነገር ይገድለዋል። ደጋግሞ መቆፈር፣ ራቁት መሬት፣ መድኃኒት።

መደቤን አልገለብጥም። ምርት ሲነሳ ተክሉን ከአንገቱ ቆርጬ ሥሩን እዚያው እተወዋለሁ፤ በሽታ ከሌለበት። የሚቀጥለውን ጎኑ ላይ እተክላለሁ። ለኩትኳቶም ከሁለት ጣት በላይ አልገባም። በሐምሌ የሚዘንበው ዝናብ መሬቱን እንዳይደፍነው፣ በግንቦትም ፀሐይዋ እንዳትጠብሰው ጉዝጓዝ አለብሰዋለሁ። ጉዝጓዝ ደግሞ በድሬ አይጠፋም። ከበርጫ በኋላ የሚጣለው የጫት ገራባ ሞልቷል። ሰፈር ውስጥ ፍየሎቹ ሳይቀድሙኝ እሰበስባለሁ። በፀሐይ አድርቄ ሦስት ጣት ያህል አነጥፈዋለሁ።

ትልቁ ነገር ሕያው ሥር አለመጥፋቱ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቲማቲም አበባውን ያራግፋል፣ ሰውም ጓሮውን ትቶ ይቀመጣል። ያኔ መሬቱ ባዶ ይሆናል፣ ፈንገሱም ይራባል። እኔ በዚያን ጊዜ ጥቂት ማሽላ ወይም አደንጓሬ ጣል ጣል አደርጋለሁ። ለእህሉ ብዬ አይደለም፣ ለፈንገሱ ቀለብ ነው። ጎመን ወይም ቆስጣ ተክላችሁ ካነሳችሁ በኋላም ፈንገሱ ስለሚመነምን ቀጥሎ ሽንኩርት የምትተክሉ ከሆነ እርሾ እንደ አዲስ ጨምሩ።

ፀረ ፈንገስ መድኃኒት አፈር ላይ አታፍስሱ። ቅጠል ላይ የግድ ከሆነ ቅጠሉን ብቻ ርጩ፣ መሬት እንዳይንጠባጠብ ቀስ ብላችሁ።

ተዘጋጅቶ በፓኬት ስለሚሸጠው ማይኮራይዛም ሰዎች ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ በውድ ገዝቻለሁ። ወደ ቤት አምጥቼ ቀኑን ሳየው ካለፈ ቆይቷል። መደርደሪያው ፀሐይ የሚመታው ነበር። ያ ፓኬት ውስጥ የነበረው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በድሬ ሙቀት ስንት ወር ይኖራል? ከገዛችሁ ቀኑን እዩ፣ በጥላ የተቀመጠ ይሁን። ፓኬቱ ላይ ትራይኮደርማ የሚል ከሆነ ያ ሌላ ፈንገስ ነው። ያኛው ሥር ውስጥ ገብቶ ፎስፈረስ አያጓጉዝም። ችግኝ የሚያጥፉትንና ሥር የሚያበሰብሱትን ፈንገሶች እያሳደደ የሚበላ ነው። እሱም ጠቃሚ ነው፣ ዘር ታሽቶበት ይዘራል። ግን ቤት ውስጥ በተቀቀለ ሩዝ አራባለሁ አትበሉ። አረንጓዴ ሻጋታ ሁሉ ትራይኮደርማ አይደለም። ለውዝና በቆሎ ላይ የሚወጣው፣ ጉበት የሚመርዘው ሻጋታም አረንጓዴ ነው። በዓይን አትለዩአቸውም።

መግባቱን እንዴት እናውቃለን?

በዓይን አይታይም። ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ እሱ አይደለም። የፎሶሊያ ሥር ላይ ያሉት ትናንሽ ፍሬዎችም እሱ አይደሉም፤ እነሱ ናይትሮጅን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። ምስክራችሁ ያለ እርሾ የተተከለው መደብ ነው። ሁልጊዜ ጥቂት ተክል ያለ እርሾ ተዉ።

የእህቴ ልጅ ግብርና ነው የምትማረው። ከሁለቱ መደብ አንድ አንድ ሽንኩርት ነቅላ ሥሩን ወሰደች። በትምህርት ቤቷ ላቦራቶሪ ሥሩን በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ቀቀለችው፤ የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሆነ ቤት አትሞክሩት። ሥሩ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ቀጥሎ ኮምጣጤ ውስጥ የብዕር ቀለም ጠብ አድርጋ ቀቀለችው። የብዕር ቀለምና ኮምጣጤ፣ በቃ! ፎቶውን ላከችልኝ፤ “አክስቴ፣ ልጆችሽን እይ” ብላ። እርሾ የሌለው ሥር ባዶ ነው፣ እንደ ተጠረገ ኮሪደር። እርሾ ያለው ውስጥ ሰማያዊ ክር በየክፍሉ ይሄዳል። እዚህም እዚያም እንቁላል የመሰለ ድቡልቡል አለ። በአንዳንዱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ደቃቅ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ሞልቶ ግድግዳውን ሊነካ የደረሰ። ያን ፎቶ አሳጥቤ የችግኝ መደርደሪያዬ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። አዴ ወተት ይዘው ሲመጡ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። “ይሄ የኛ ማሳ ነው?” አሉ። “አዎ፣ ከጠርዙ” አልኳቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እርሾውን ሁሉንም አትጠቀሙበት። እንጀራ ጋጋሪ ቡሃቃውን ጨርሳ እንደማትጠርገው ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ሁለት ጣሳ አስቀሩ። በሚቀጥለው ኅዳር ደንገጎ መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ አፈር አብስላችሁ፣ ያስቀራችሁትን ጨምራችሁ፣ ማሽላ ትዘራላችሁ። እኔ ግን በየሦስት ዓመቱ አዲስ እርሾ ከማሳ አመጣለሁ። ጄሪካን ውስጥ ሲደጋገም የሚበረታው አንድ ሁለቱ ዓይነት ብቻ ነው፤ ማሳው ላይ ግን ብዙ ዓይነት አለ። ዘንድሮ ተራው ደርሷል። አዴም ጠርዙን እንዳያርሱት ለልጆቻቸው ነግረውልኛል።